የላም ዕንቁላል ስብና የነጋዴው ኀላፊነት

ላም ካላረገዘች አትወልድም፤ ካልወለደችም አትታለብም። ይህን የማያውቅ ባላገርም ሆነ ከተሜ የለም። ሆኖም ወተትና ቅቤ፣ ድርቆሽና ፋጉሎ፣ የእንስሳት መድኃኒትና የወተት ዕቃ የሚነግድ ሰው ሁሉ ትርፉ በዚህችው እውነት ላይ የተመሠረተ መሆኑን አዘውትሮ የሚያስበው አይመስልም። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ አንሥቶ በቤተልና በአየር ጤና በኩል እስከ ካራ ቆሬ ድረስ፣ በግቢያቸው ጥግ በሠሩት በረት ጥቂት የተዳቀሉ ላሞች አስረው ለጎረቤት፣ ለሻይ ቤትና ለሱቅ ወተት የሚያቀርቡ ቤተ ሰቦች ይገኛሉ። ከእነዚህ ላሞች አንዲቱ ሳታረግዝ የምትቆይበት እያንዳንዱ ወር ለባለቤቷ የመኖ ዕዳ፣ ለባለሱቁ የጎደለ ወተት፣ ለመኖ ነጋዴው ደግሞ ያልተከፈለ ዱቤ ይሆናል።

ስለዚህ በዓለም የከብት ርቢ ገበያ ስፍራው እየሰፋ የመጣው የቀዘቀዘ ጽንስ የኢትዮጵያን ነጋዴ በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው። የቀዘቀዘ ጽንስ ማለት ከተመረጠች ላም በተገኘ ዕንቁላልና ከተመረጠ ኮርማ በተገኘ ዘር የተፈጠረ፣ ከሰባት ቀን ገደማ በኋላ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የሚቀመጥ፣ በሌላይቱ ላም ማኅፀን ሲገባም አድጎ ጥጃ ሊሆን የሚችል ሕይወት ነው። ዕቃው ከአውራ ጣት ጥፍር ያነሰ ቦታ ቢይዝም በውስጡ የሙሉ ላም ዋጋ ያለው ተስፋ ስላለ ሻጩ በርካሽ አይሰጠውም። ገዢውም እንደ ቡና ወይም እንደ ጨርቅ አገላብጦ ሊያየው አይችልም። ዐይን የማያየው ዕቃ በሚነገድበት ስፍራ የነጋዴው ጥያቄ የዐይንን ሥራ ሊሠራ ይገባዋል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት ሦስት መቶ ያህል የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ በሰጠ ጊዜ የዘመናዊው የወተት ርቢ መሠረት ተጣለ። ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1938 በአሥመራ ተጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 እንደገና ቢጀመርም ከውጭ የሚመጣው የኮርማ ዘርና ዘሩን ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው ነገር ወጪው ከዐቅም በላይ ስለ ሆነ ሊዘልቅ አልቻለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ርዳታ ሥራው በአዲስ መልክ ተተከለ። በመጨረሻም በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቁሞ የኮርማ ዘር በአገር ውስጥ እየተዘጋጀ መከፋፈል ጀመረ። ከዚህ ታሪክ ነጋዴ ሊማረው የሚገባው ትምህርት ግልጽ ነው። ከውጭ የመጣ ጥበብ የሚጸናው ዕቃውን ያመጣው ሰው ስለ ዕቃው ጠባይና ስለ አያያዙ ወጪ ጠንቅቆ ሲያውቅ ብቻ ነው።

በጽንስ ረገድ የዓለም ጥበብ የተጓዘው መንገድ ረጅም አይደለም። ከአንዲት ላም ወደ ሌላይቱ በተዛወረ ጽንስ የመጀመሪያው ጥጃ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ነበር። ከቀዘቀዘ ጽንስ የመጀመሪያው ጥጃ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ ተወለደ። ከላም አካል ውጭ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከተዳቀለ ዕንቁላል የመጀመሪያው ጥጃ የተገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዛሬ ግን በዓለም ከሚዘጋጁት የከብት ጽንሶች የሚበዙት በዚሁ በመጨረሻው ዘዴ በቤተ ሙከራ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከላሞች ማኅፀን ታጥበው ከሚሰበሰቡት መብለጥ የጀመሩትም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ነው። ብራዚል የዚህ ሥራ ታላቅ ገበያ ሆና ከቆየች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የሞቃት አገር የሆነችውን የጊር ላም ዕንቁላል ከሆልስቲን ኮርማ ዘር ጋር እያዳቀለች የወተት ከብቷን በብዛት አባዝታለች። ሰባ ሚሊዮን ገደማ ከብት ያላት፣ ከእነዚህም ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ያህል ያልተዳቀሉ የአገር ከብቶች የሆኑባት ኢትዮጵያ ወደዚሁ ገበያ ዐይኗን ብትጥል የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገሩ ጥያቄ የሚያስነሣው እዚህ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ የሚፈጠር ጽንስ የሚጀምረው ካልበሰለ ዕንቁላል ነው። ሊቃውንቱ ከላሚቱ የዕንቁላል ዕጢ ላይ ካሉት ፈሳሽ ከቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ዕንቁላሉን በመርፌ ይስቡታል። የላም ዕንቁላል ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛውን በጥቂቱ የሚበልጥ ሲሆን፣ ስለታም ዐይን ያለው ሰው እንደ አቧራ ብናኝ ቢያየው ነው። ይህ ዕንቁላል ወዲያው ከኮርማ ዘር ጋር ቢገናኝ አይዳቀልም፤ አስቀድሞ መጎልመስ ይኖርበታል። በላሚቱ ሆድ ውስጥ ይህ የሚፈጸመው በድራቷ ጊዜ ነው። በቤተ ሙከራ ግን ዕንቁላሉ ጨውና ስኳር፣ ሆርሞንና ልዩ ልዩ መመገቢያ በተቀላቀለበት ማጎልመሻ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጥና፣ ሙቀቱ 38.5 ዲግሪ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ አምስት በሆነበት ሣጥን ውስጥ ከ22 እስከ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። አንድ ቀን እንኳ የማይሞላው ይህ ጊዜ በጽንሱ ዕድል ላይ የሚያሳድረው ኀይል ከጊዜው ማጠር ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

በዕንቁላሉ ውስጥ የስብ ጠብታዎች አሉ። እነዚህ ጠብታዎች ለዕንቁላሉ ስንቅ ናቸው። ከተዳቀለ በኋላ ጽንሱ በእናቲቱ ማኅፀን ተጣብቆ ከደሟ መመገብ እስኪጀምር ድረስ የሚከፋፈልበትንና የሚያድግበትን ኀይል በከፊል የሚያገኘው ከዚህ ስንቅ ነው፤ ስቡ በሕዋሱ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት ጥቃቅን ምድጃዎች እየነደደ ኀይል ይሰጣል። ስለዚህ ስብ ያለበት ዕንቁላል ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም። እንዲያውም በአጉሊ መነጽር ሲታይ እጅግ የነጣ ዕንቁላል ስንቅ የጎደለው ስለሆነ ሊቃውንቱ አይመርጡትም፤ መጠነኛ ጥቁረት ያለውን ይመርጣሉ። የከብት ዕንቁላል ከአይጥ ዕንቁላል ይልቅ የጠቆረ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ስብ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚመጣው ስንቁ ከልክ ሲያልፍና በጊዜው ሳይነድ ሲከማች ነው። በቅሎ ከምትችለው በላይ የተጫነባት እንደ ሆነ ስንቁ ራሱ እንደሚያደክማት ማለት ነው።

ታዲያ ስቡ ከልክ እንዲያልፍ የሚያደርገው ምንድር ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በማጎልመሻውና ከዚያም በኋላ በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ የሚጨመረው ሴረም ነው። ሴረም በብዛት ካልተወለደ ጥጃ ደም የሚገኝ ፈሳሽ ሲሆን ዋጋው ውድ ቢሆንም ብዙ ቤተ ሙከራዎች ዕንቁላልን ስለሚደግፍላቸው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሴረም በገባበት ፈሳሽ ያደጉ ጽንሶች ግን ያለ ሴረም ካደጉት ይልቅ የጠቆሩና የስብ ጠብታ የበዛባቸው መሆናቸው በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ምርምሮች ተደጋግሞ ታይቷል። ሴረሙ ራሱ ቅባት ተሸክሞ ይገባል፤ በዚያም ላይ የሕዋሱን ምድጃዎች ያሰንፋል። ከዚህም ሌላ በሴረም ካደጉ ጽንሶች ያለ ልክ የገዘፉ ጥጆችና ግልገሎች የሚወለዱበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው ጥጃ ለእናቲቱ ምጥን ያከብድባታል፣ ለባለቤቷም የሐኪም ወጪን ያመጣል። ሴረም የእንስሳ በሽታ ተሸክሞ ሊመጣ መቻሉም ሳይዘነጋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በፈሳሹ ውስጥ ያሉት የቅባት አሲዶች ዓይነትና መጠን ነው። ፓልሚቲክና ስቴሪክ የተባሉት የደረቅ ስብ አሲዶች በበዙበት ፈሳሽ የጎለመሰ ዕንቁላል ይጎዳል፤ ኦሌይክ የተባለው ግን አብሮ ሲገኝ ጉዳቱን የሚያቀልበት ጊዜ አለ። ይህ ነገር ከቤተ ሙከራ ውጭም ትርጉም አለው። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትበላው መኖ ለወተቷ ስለማይበቃት የገዛ ገላዋን ስብ እያቀለጠች በደሟ ታዘዋውራለች፤ ያው ቅባት ዕንቁላሏ ወደሚጎለምስበት ከረጢት ይገባል። በቤልጅግ በጌንት ከተማ ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ያደረጉት ምርምር ከዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የሚመነጨውን ጉዳት አሳይቷል። እንግዲህ በኮልፌ በረት ውስጥ ከወለደች በኋላ የከሳች የፈረንጅ ዝርያ ላም በመጀመሪያው ድራቷ ሳትይዝ ብትቀር አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሁኔታ ስቡ የሚነድበት መንገድ ነው። ካርኒቲን የሚባለው ነገር የቅባት አሲዶችን ወደ ሕዋሱ ምድጃ የሚያስገባ ስለሆነ በማጎልመሻው ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር የስቡ ክምችት ሊቀንስና ጽንሱ ቅዝቃዜን በተሻለ ሁኔታ ሊችል እንደሚችል በብዙ ሙከራ ተመልክቷል። በሣጥኑ አየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠንም ቢሆን ይቆጠራል። በማኅፀን ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በከባቢ አየር ካለው እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ጽንሱ በሚያድግበት ጊዜ ኦክሲጅኑን ከመቶ አምስት ያህል ያደርጉታል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቃል ለመጠቅለል የተፈለገ እንደ ሆነ፣ የዕንቁላሉ ስብ በላሚቱ ዝርያ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ዕንቁላሉ በጎለመሰበት ፈሳሽ፣ አየርና ሰዓት ጭምር ይወሰናል።

እዚህ ላይ ለመኖ ነጋዴዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ማቅረብ ተገቢ ነው። በተልባ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊኖሌኒክ የተባለው አሲድ በልኩ ወደ ማጎልመሻው ፈሳሽ ሲጨመር የላምን ዕንቁላል እንደሚጠቅም፣ በኑግ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊኖሌይክ የተባለው አሲድ ግን ሲበዛ መጎልመሱን እንደሚያደናቅፍና ስብ እንደሚያከማች እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 አካባቢ በእንግሊዝ አገር የተደረጉ ምርምሮች አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «የተልባ ፋጉሎ ላም ያስረግዛል፣ የኑግ ፋጉሎ ያመክናል» የሚል ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ ቢኖር ሕዝብን ያሳስታል። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያለ ዕንቁላል አሲዱን በቀጥታ ያገኛል፤ ላሚቱ የበላችውን ቅባት ግን በትልቁ ሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት አስቀድመው ይለውጡታል። ከፋጉሎውም ዘይቱ ተጨምቆ የወጣ ነው። የኑግ ፋጉሎ ለአዲስ አበባ ላሞች የታወቀና ጠቃሚ የፕሮቲን መኖ ሆኖ ይኖራል፤ ዋጋውን በሐሰት ወሬ ማናጋት ለማንም አይበጅም።

የስቡ ጉዳት ጎልቶ የሚወጣው ጽንሱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው። ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ በጽንሱ ውስጥ ያለው ስብም ሲቀዘቅዝ ጠባዩን ይለውጣል፤ ጠብታዎቹ ቅርጻቸው ይበላሻል፣ በዙሪያቸው ያለውንም የሕዋሱን ረቂቅ ጅማትና ሽፋን ይጎዳሉ። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የዐሳማ ጽንስ ነው። የዐሳማ ዕንቁላል ከላም ዕንቁላል እጥፍ በላይ ስብ ስላለው ጽንሱን ማቀዝቀዝ ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ግን የጃፓንና የሌሎች አገሮች ሊቃውንት ስቡን ከጽንሱ አውጥተው ሲያቀዘቅዙት ብርዱን መቻሉን አስመሰከሩ። የከብትም ጽንስ ቢሆን በሴረም አድጎ የጠቆረው ከቀዘቀዘ በኋላ ሲቀልጥ የመዳን ዕድሉ ከሌላው ያነሰ ነው። ትኩስ ሆኖ ወደ ላሚቱ ሲገባ ግን ልዩነቱ ያን ያህል የጎላ አይሆንም። ስለዚህ የስቡ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን፣ ማለትም አስመጪው የሚነግደውን ጽንስ ነው።

ጉዳቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ጽንስ የምትቀበለው ላም አስቀድማ በሆርሞን ትዘጋጃለች፤ ድራቷ ይጠበቃል፤ በሰባተኛው ቀን ባለሙያ መጥቶ ጽንሱን ያስገባል። ጽንሱ ሞቶ ከሆነ ላሚቱ ምንም ምልክት ሳታሳይ ትቆይና በሃያ አንደኛው ቀን ገደማ እንደገና ትደራለች፤ ድራቷን ልብ የሚል ሰው ካልተገኘ ደግሞ ሌላ ሃያ አንድ ቀን ይባክናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድርቆሹ፣ ፉርሽካውና ውኃው አይቋረጥም። ላኪው በውጭ አገር ገንዘቡን ተቀብሏል፤ አስመጪው ትርፉን ይዟል፤ ባለሙያውም የድካሙን አግኝቷል። ባዶ እጇን የቀረችው ባለ ላሚቱ ናት። በኮልፌ እንዲህ የከሰረች አንዲት ሴት ለጎረቤቶቿ የምትነግራቸው ወሬ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል፤ አንድ ሰፈር አንድ ጊዜ «ይህ ነገር ማታለያ ነው» ካለ በጎው ጽንስ እንኳ ገዢ አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐዋሳና በዳሌ፣ በአዲግራትና በመቀሌ አካባቢ ተጀምሮ ወደ ሌሎችም ስፍራዎች የተስፋፋው ላሞችን በሆርሞን በአንድነት እንዲደሩ የማድረግ ሥራ፣ ገበሬው ፍሬ ያለው መስሎ የታየውን አዲስ ነገር ለመቀበል ፈቃደኛ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ፈቃደኝነት ማባከን ታላቅ ጥፋት ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች «የነጋዴ ሥራ ዕቃ ማምጣትና መሸጥ ነው፤ የዕንቁላልን ስብ መመርመር የሊቃውንት ፈንታ ነው» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ይህ ክርክር በሌላው ንግድ ተቀባይነት ያላገኘ ክርክር ነው። ቡና ላኪው የዕፅዋት ሊቅ ሳይሆን የታጠበውን ካልታጠበው፣ እርጥበቱ የበዛውን ከደረቀው ይለያል። የቆዳና የሌጦ ነጋዴው የእንስሳት ሐኪም ሳይሆን የቢላዋ ጭረትና የመዥገር ጠባሳ ዋጋን እንደሚያወርድ ያውቃል። ሁለቱም ይህን የተማሩት በኪሳራ ነው፤ ከተማሩም በኋላ ዕውቀታቸው የንግዱ ሥርዓት ሆኖ በደረጃና በወረቀት ሰፍሯል። የጽንስ ነጋዴውም ማጉሊያ መነጽር እንዲገዛ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ከላኪው ትክክለኛውን ወረቀት እንዲጠይቅ ብቻ ነው።

ጥያቄዎቹም ብዙ አይደሉም። አንደኛ፣ ጽንሱ ከላሚቱ ማኅፀን የታጠበ ነው ወይስ በቤተ ሙከራ የተፈጠረ? ሁለተኛ፣ በቤተ ሙከራ የተፈጠረ ከሆነ ዕንቁላሉ የጎለመሰበትና ጽንሱ ያደገበት ፈሳሽ ሴረም ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ከነበረበትስ ምን ያህል ነበረ? ሦስተኛ፣ ዕንቁላሉን የሰጠችው ላም በወለደች በስንተኛው ሳምንት ነበረች? አራተኛ፣ ጽንሱ የቀዘቀዘው በቀስታ በሚያበርደው ዘዴ ነው ወይስ በቅጽበት እንደ ብርጭቆ በሚያጠነክረው? የሚቀልጥበት ሥርዓት በሁለቱ የተለያየ ስለሆነ፣ በረት ውስጥ ቆሞ የሚያቀልጠው ባለሙያ ይህን ሳያውቅ መልካሙን ጽንስ በገዛ እጁ ሊገድለው ይችላል። አምስተኛ፣ ከዚሁ ቤተ ሙከራ በዚሁ ዘዴ ከቀዘቀዙ ጽንሶች ሲቀልጡ ስንቱ ይድናሉ? በላሞችስ ስንቱ ይይዛሉ? መልካም ላኪ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ አለው። መልስ የሌለው ወይም መልሱን ምሥጢር የሚያደርግ ላኪ ራሱን ገልጧል።

ሌላው መቃወሚያ በዋጋ በኩል የሚቀርበው ነው። ያለ ሴረም የተዘጋጀውና በወረቀት የተረጋገጠው ጽንስ ይወደዳል ይባላል። ይህን ለመመዘን ለምሳሌ ያህል በተወሰደ ቁጥር ማስላት ይበቃል። ርካሹ ጽንስ በመቶ ብር ቢገዛና ከዐሥር ላሞች ሁለቱ ብቻ ቢይዙ፣ አንዲት እርጉዝ ላም አምስት መቶ ብር አወጣች ማለት ነው። ውዱ ጽንስ በመቶ ኀምሳ ብር ቢገዛና ከዐሥር አራቱ ቢይዙ፣ አንዲት እርጉዝ ላም የምታወጣው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ብር ነው። ለሆርሞን፣ ለባለሙያና ለባከነው መኖ የወጣው ገንዘብ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ ባለ ላሚቱ የምትገዛው ቱቦውን ሳይሆን እርግዝናውን ነው፤ ዋጋውም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባል። ከዚህ በመነሣት ክፍያው ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ ጽንሱ በሚገባበት ቀን፣ ቀሪው እርግዝናው በሐኪም ከተረጋገጠ በኋላ ቢሆን ኪሳራው በአንድ ወገን ብቻ አይወድቅም። በዱቤ መሸጥ ለመርካቶና ለኮልፌ ነጋዴ አዲስ ነገር ስላልሆነ ይህም አዲስ ሊሆንበት አይችልም።

ነገር ግን ጽንስ ሁሉ ከውጭ እንዲመጣ የግድ የሚል ሕግ የለም። በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና መምህራንና የምርምር ሠራተኞች በቦረናና በቦረና ሆልስቲን ዲቃላ ላሞች ላይ ጽንስ የማብዛትና የመሰብሰብ ሥራ ሠርተዋል። ከኮልፌ ወደ ምዕራብ በሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወተት ከብት ጥናት ከቆየ ብዙ ዘመን ነው። በ1949 ዓ.ም. በተመሠረተው በአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት ከሚታረዱት ላሞች የሚወጣው የዕንቁላል ዕጢ ደግሞ በሌላ አገር ለቤተ ሙከራ መማሪያ እየተሰበሰበ ሲጠቅም በዚህ አገር በአብዛኛው ከተረፈ ዕርድ ጋር የሚጣል ነው። ይህን ዕጢ በንጽሕናና በሙቀት ጠብቆ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለቤተ ሙከራ ማቅረብ ራሱን የቻለ አነስተኛ ንግድ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ተስፋውን ከልክ ማሳለፍ አይገባም። ለዕርድ የሚቀርበው ከብት በብዛት ወንድ ነው፤ የሚታረዱትም ላሞች ብዙውን ጊዜ ያረጁና ዘራቸው ያልተመዘገበ ናቸው። ከእነርሱ ዕንቁላልና ከሆልስቲን ዘር የሚገኘው ጥጃ የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ቀላሉ የማዳቀል ዘዴ እጅግ ባነሰ ወጪ ይሰጣል። ስለዚህ የቄራው ዕጢ ዋና ጥቅሙ ለንግድ ጽንስ ማምረቻ መሆኑ አይደለም። ጥቅሙ ወጣት ባለሙያዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት፣ የማጎልመሻ ፈሳሾችም አንዱ ከሌላው የሚመዘኑበት መሆኑ ነው። ለገበያ የሚቀርበው ጽንስ ከተመረጡና ወተታቸው ከተመዘገበ ሕያዋን ላሞች በሚሳብ ዕንቁላል መሠራት ይኖርበታል። ያ ቀን በመጣ ጊዜ የአገር ውስጡ ጽንስ ከባሕር ማዶው የሚበልጥበት አንድ ታላቅ ነገር ይኖረዋል፤ ይኸውም ሳይቀዘቅዝ፣ ትኩስ እንዳለ በዚያው ቀን በኮልፌ ለምትጠብቀው ላም መድረስ መቻሉ ነው። የማይቀዘቅዝ ጽንስ ስቡ ያን ያህል አያስፈራውም።

እስከዚያው ድረስ ኀላፊነቱ በሦስት ወገን ይከፈላል። አስመጪዎች የጽንሱን የመጎልመስና የማደግ ሁኔታ የሚገልጽ ወረቀት ከእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀቱ ጋር ተያይዞ ካልመጣ በቀር ውል አለመፈረምን የንግዳቸው ልማድ ቢያደርጉ፣ ላኪዎች ልማዱን አክብረው እንደሚመጡ ጥርጥር የለውም። ገዢ የሚጠይቀውን ነገር ሻጭ ሳያዘጋጅ አይቀርምና። ባለሱቆችና የመኖ ነጋዴዎች በበኩላቸው የወለደች ላም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥጋዋ እንዳትበላ በቂ መኖ በወቅቱና በማይጎዳ ዱቤ ቢያቀርቡላት፣ ዕንቁላሏን ከቤተ ሙከራ በፊት በበረቷ ረዷት ማለት ነው። የንግድ ምክር ቤቱ ደግሞ አስመጪዎችን፣ የእንስሳት ሐኪሞችንና የወተት ላም ባለቤቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ፣ አንድ ገጽ ብቻ የሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ አምስቱን ጥያቄዎች የያዘ የውል አባሪ እንዲዘጋጅ ቢያደርግ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

የኮርማ ዘር ንግድ እ.ኤ.አ. በ1952 በአገሪቱ ተጀምሮ ሳይዘልቅ የቀረው ሰዎች የከብት ማሻሻልን ጠልተው አልነበረም፤ የዕቃው አያያዝና ወጪ አስቀድሞ ስላልተመዘነ ነው። የጽንስ ንግድ ያንኑ መንገድ እንዳይከተል ከአሁኑ መጠንቀቅ ይቻላል። ከአቧራ ብናኝ የማትበልጥ ዕንቁላል ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ በተኛችበት ፈሳሽ ምክንያት የሰበሰበችው ስብ፣ ከዓመት በኋላ በኮልፌ አንዲት ላም መታለብ አለመታለቧን ሊወስን የሚችል ነው። ይህን የሚያውቅ አስመጪ ውሉን ከመፈረሙ በፊት አምስቱን ጥያቄዎች ይጠይቅ።